በራሱ ስም የሚያግዝ

ቅዳሜ ረፋድ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ጤናሽ እንደምን ሰንብቷል? እኔና ድንቢጥ ደህና ነን፤ «ደህና» የሚለውን ቃል ግን ዛሬ ሳልመዝነው አልጻፍኩትም። ድንቢጥ ባለፈው ሳምንት ከያዛት ትኩሳት ድናለች፤ ሳሉ ብቻ ጠዋት ጠዋት ይጎበኛታል። የፊት ጥርሷ ተነቅሏል፤ ይህን ራሷ ልትነግርሽ ስለምትፈልግ ስትሰሚ እንደ አዲስ ተደነቂላት። እኔ ደክሞኛል። እንቅልፍ የሚፈውሰው ዓይነት ድካም አይደለም፤ ተኝቼ ስነሣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ዓይነት ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ለጠየቅሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ መሰነባበታችንን አልረሳሁም። «እሺ በይኝ እንጂ፣ ምን አለበት?» ብለሽ ስትደጋግሚ ዝም አልኩ። ድንቢጥ ክርኔ ሥር ተወሽቃ ጆሮዋን ወደ ስልኩ ታስጠጋ ነበር፤ ስለእሷ የሚነገረውን እሷ እየሰማች መመለስ አልፈለግኩም። ስለዚህ በጽሑፍ እመልስልሻለሁ፤ ነገ ከመደወልሽ በፊት እንዲደርስሽ ዛሬውኑ በኢሜይል እልከዋለሁ። እንዳጣመምኩብሽ እንዳታስቢ በመጀመሪያ ቃልሽን እንዳለ ላስቀምጠው። «ከእንግዲህ እማዬ ብላ አንቺን ትጥራሽ፤ እኔን አክስቴ ትበለኝ። ለእሷም ይቀላታል፣ ለአንቺም ይገባሻል፣ እኔም እዚህ ትዳሬን አላናጋም» አልሽኝ። ባለቤትሽ ልጅ እንዳለሽ እስካሁን እንደማያውቅ የነገርሽኝም ያኔ ነው።

ከመልሴ በፊት ስለሥራዬ ጥቂት ላጫውትሽ ፍቀጂልኝ። «ኮምፒውተር ላይ ተደፍተሽ የምትውይው ምን ስትሠሪ ነው?» ብለሽ ስንት ጊዜ ጠይቀሽኝ፣ «ዝርዝሩ ይሰለችሻል» እያልኩ አልፌሻለሁ። ዛሬ አላልፍሽም፤ በዚህ ሳምንት ቢሮ የተከራከርንበት ጉዳይና ያንቺ ጥያቄ አንድ ራስ ውስጥ ገብተው ሲጨቃጨቁብኝ ሰንብተዋልና።

በስልክሽ ድረ ገጽ የምትከፍችበት ብራውዘር የሚባለው ፕሮግራም እንደ ሰው ዕድሜ አለው። አዲሶቹ የሚችሉትን አሮጌዎቹ አይችሉም። እኛ ደግሞ ለአንድ ሆስፒታል የቀጠሮ ድረ ገጽ እንሠራለን፤ ታካሚው አዲስ ስልክ ይያዝ አሮጌ፣ ቀጠሮውን ማየት አለበት። ስለዚህ አሮጌው ብራውዘር የጎደለውን ችሎታ በኮድ እየጻፍን እንሞላለታለን። እንጀራዬ ይኸው ነው፤ የሌለውን ተክቶ የሚሠራ ነገር መጻፍ።

ቢሮ ውስጥ ይህን ሁሉ በጅምላ «ማካካሻ» ይሉታል። እኔ ግን ለአዳዲስ ሠራተኞች መማሪያ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ፣ በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሦስት መሆናቸውን ጻፍኩ። አንደኛውን ሽብልቅ አልኩት፤ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር እንደሚሸጎጠው ስንጣሪ፣ በአሮጌና በአዲስ አሠራር መሐል ገብቶ የሁለቱን አለመግጠም ያስተካክላል። ሁለተኛው መሙያ ነው፤ ፈጣሪዎቹ ፖሊፊል ይሉታል። መሙያ ብራውዘሩ ውስጥ ገብቶ የጎደለውን ችሎታ ስም ይዞ ይቀመጣል፤ ገጹ ሲጠራው የብራውዘሩ የራሱ ይመስለዋል። ሦስተኛውን አጋዥ አልኩት። አጋዥ ያንኑ ሥራ ሳያጓድል ይሠራል፤ ነገር ግን የማንንም ስም አይወስድም፣ ብራውዘሩንም አይነካም። የፈለገው ሰው በራሱ በአጋዡ ስም ይጠራዋል።

ሰኞ ዕለት ረቂቁን ለስብሰባ አቀረብኩ። አለቃችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡና፣ «ሽብልቅ? እኛ አናጢዎች ነን እንዴ?» አሉ።

«አናጢ ብንሆን ኖሮ ቢያንስ ይሄ ወንበር ተጠግኖ ነበር» አለ ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ወንበሩን እያንቋቋ። ጥድፌ እንለዋለን፤ ያልተጣደፈበት ቀን የለም።

«መሙያ ያልሽውስ ከየት የመጣ ነው?»

«የውጪው ስም የመጣው ከግድግዳ ስንጥቅ መድፈኛ ነው ይባላል» አልኩ።

«በቃ፣ ስቱኮ በዪውና እንገላገል!» አለ ጥድፌ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ።

አለቃችን ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡት። «ልጄ፣ ስም ምን ያደርጋል? ሥራው ይሠራ እንጂ። ሁሉንም ማካካሻ በያቸውና አስረክቢን።»

«ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፣ ጌታዬ» አልኩ። «መሙያ የሌላውን ቦታ ስለሚይዝ አንድ ግዴታ አለበት። ከመግባቱ በፊት ‹እውነተኛው አለ ወይ?› ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር። እውነተኛው ከመጣ ምንም ሳይነካ ይወጣል። አጋዥ ግን ይህ ግዴታ የለበትም፤ የያዘው ቦታ የለማ! ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው አዲስ የሚመጣ ሠራተኛ የትኛው መጠየቅ እንዳለበት በምን ያውቃል?»

«እሺ፣ መምህርት» አለ ጥድፌ። መምህርት የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ነው። ስብሰባው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ፤ እኔም ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወደ መስኮቱ ሥር፣ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታሉ ደወለ። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ድምፅ ከቁጣ አልፎ ወደ ልመና ደርሶ ነበር። «ሰዎች ወሩ የተሳሳተ ቀጠሮ ይዘው እየመጡብን ነው። አሁን አንድ አባት ልጃቸው አዝሏቸው ደረጃውን ሁሉ ወጥተው፣ ሐኪሙ የጠበቃቸው ባለፈው ወር ነው። ምን ልበላቸው? እባካችሁ ምን እንደምላቸው ንገሩኝ።»

ከምሳ በፊት ምክንያቱን አገኘሁት። ጥድፌ ድሮ ቀንና ወር የሚያሰላ መሙያ ጽፎ ነበር፤ ያኔ ያ ችሎታ በየትኛውም ብራውዘር አልነበረም። የእሱ መሙያ ወራትን ከዜሮ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው ወር ዜሮ፣ ሁለተኛው አንድ እያለ። በኋላ እውነተኛው ሲመጣ ግን እንደ ሰው ከአንድ ጀመረ። አዲሱ የቀጠሮ ገጽ የተጻፈው በእውነተኛው አቆጣጠር ነው፤ ለብቻው ሲሞከርም ትክክል ነበር። ከሌሎቹ ገጾች ጋር ሲገጣጠም ግን የጥድፌ መሙያ ቀድሞ ገባና፣ እውነተኛው አለ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ፣ በላዩ ላይ ተቀመጠበት። ስሙ የእውነተኛው፣ አቆጣጠሩ የራሱ ሆነ። አሥረኛ ወር የተባለውን አሥራ አንደኛ አድርጎ ለታካሚው አሳየው። እውነተኛው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነበር፤ የሚጠራበት ስም ስለተወሰደበት ማንም አልደረሰበትም እንጂ።

ጥድፌን ጠርቼ አሳየሁት። ሳቁ ሁሉ ከፊቱ ረገፈ። «ለጊዜው ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?»

ኮዱን ማረም የአንዲት መስመር ሥራ ነበር። የተሳሳተውን ወር ለያዙት ሰዎች መደወሉ ግን እስከ ትናንት አላለቀም፤ ከጥድፌ ጋር ተካፍለን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ደወልን። የተቆጡን አሉ፣ የመረቁን አሉ፣ «ድሮም ልሄድ አልነበረም» ያሉንም አሉ። አንዲት አሮጊት ግን ከአእምሮዬ አልወጡም።

«እማማ፣ የደወልኩት የቀጠሮዎ ቀን ስለተሳሳተ ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ሐኪሟ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እማማ።»

«ነርሷ?»

«አይደለሁም። ድረ ገጹን ከሚሠሩት አንዷ ነኝ።»

«ኤዲያ! ሐኪሟ ነኝ ብትዪኝ ምን ነበረበት? እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አንቺም ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገዪ ነበር።»

ሳቅኩላቸው። ከሳቁ በኋላ ግን የሚቀጥለውን ቁጥር ሳልደውል ስልኩን አስቀመጥኩ። «ምን አለበት?» ስትዪኝ የነበረውን ድምፅሽን የሰማሁ መሰለኝ።

እታለሜ፣ ለሥራ ርቀሽ ልትሄጂ ስትነሺ ድንቢጥን አቅፈሽ ያስረከብሽኝ ዕለት ልጅቱ ገና መቆም አትችልም ነበር። «አደራ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣሽም፤ እኔም «እሺ» ከማለት በቀር አልመለስኩም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እናቷ ነሽ?» ይለኛል፤ የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት፣ መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ፣ ደረጃ ላይ ቅርጫት የሚያግዘኝ ጎረቤት። «አክስቷ ነኝ፤ እናቷ ሥራ ሄዳለች» እላለሁ። ከዚያ «የት?» ይመጣል፣ ከዚያ «መቼ ትመለሳለች?» ይከተላል። አጋዥን የሚጠቀም ሰው በየመስመሩ በስሙ መጥራት ግድ ስለሚሆንበት ጥድፌ አይወደውም፤ «እጅ ያዝላል» ይላል። እውነቱን ነው። አፍም ያዝላል።

ከእኛ በታች የምትኖረውን ልብስ ሰፊ ታስታውሻታለሽ? ሰሞኑን የድንቢጥን ቀሚስ ስታሳጥርልኝ ልጅቱ ሮጣ መጥታ «አክስቴ፣ ውኃ!» አለችኝ። ሴትየዋ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ አፈጠጠችብኝ።

«ምን ታደርቂያታለሽ? ያሳደገ ነው እናት። እማዬ ብትልሽ ሰማይ አይደፋ!»

«ሰማዩስ አይደፋም» አልኳት። «እናቷ ስትመጣ ግን የምትቀመጥበት ታጣለች።»

«ኡኡቴ! መጽሐፍ ያበዛ ሰው እንዲህ ነው፤ ያጎረሱትን ማኘኩን ትቶ ይመረምረዋል» ብላ ክሯን በጠሰች።

እኔ እልከኛ ሆኜ አይደለም። ድንቢጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከየትም ሮጣ መጥታ «እማዬ ናት?» ትላለች። የመብራት ሒሳብ ማሳሰቢያም ይሁን፣ በስህተት የተደወለም ይሁን፣ ትጠይቃለች። «አይደለችም» ስላት ሳታዝን ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ጥሪ ደግሞ እንደገና ትመጣለች። ማንም አላስተማራትም። ጥድፌ ያልጻፈውን ጥያቄ ያቺ ልጅ በየቀኑ ትጠይቃለች፤ እውነተኛዋ መጣች ወይ ብላ። አንቺ የጠየቅሽኝ ይህን ጥያቄ እንዳስቆማት ነው።

ምሳሌ እስከ ጫፉ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ልጅ ብራውዘር አይደለችም፤ እናትም በአንድ ጠዋት ተሻሽላ የምትመጣ ችሎታ አይደለችም። ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት በቅቶኛል። ግንባሯ ላይ እርጥብ ፎጣ ሳደርግላት ዓይኗን ሳትከፍት «እማዬ» አለችኝ። ሁልጊዜ እንደማደርገው «እማዬ ሥራ ናት፤ እኔ አክስትሽ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ፎጣውን እንደገና ነከርኩት።

አልፈርድብሽም። ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ቆመሽ ውለሽ፣ ማታ ብቻሽን ስትቀመጪ የሚወድሽ ሰው ስላገኘሽ ደስ ብሎኛል፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ያንን ሰው ማጣት የሚያስፈራሽ መሆኑም ይገባኛል። ነገር ግን የምትጠይቂኝ በስምሽ እንድጠራና በቦታሽ እንድቀመጥ ነው፤ አንድ ቀን በሩን ብታንኳኪ ደግሞ በገዛ ልጅሽ አፍ «አክስቴ» ተብለሽ እንድትገቢ። ልብ በዪ፣ አልመጣም አላልሽኝም። ትዳሬን አላናጋም ነው ያልሽኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውንም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። «ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?» የሚለውን ሌላ ሰው ሲናገረው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፊቱ ምን እንደሚመስልም አይቻለሁ።

አንድ ነገር ላርም። እሑድ ዝም ስል፣ «ተቆጣሽ አይደል?» አልሽኝ። ቁጣ አልነበረም። እማዬ ብላ አንቺን ትጥራሽ ስትዪኝ በውስጤ የሆነው ቁጣ አይባልም። ትክክለኛ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ልጽፈው ግን ዛሬ ካለኝ ብርታት በላይ ይጠይቃል፤ እኔም ደክሞኛል።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። ቦታው ያንቺ ነው፤ አልወስደውም። አንቺ ግን ልትለቂው ትችያለሽ፤ የምትለቂውም ለእኔ በሹክሹክታ ሳይሆን ለድንቢጥ ለራሷ ነግረሽ ነው። ነገ ስትደውዪ ስልኩን እኔ አላነሳም፤ ድንቢጥ ታነሳዋለች። ከዚያ በፊት ለባለቤትሽ እውነቱን ልትነግሪው ብትችዪ ሌላው ሁሉ ይቀላል፤ ነገሩ ሰው የፈራውን ያህል ክፉ ሆኖ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልቻልሽ ግን፣ መጀመሪያ ስለ ጥርሷ ታውራሽ፤ ከዚያ ረጋ ብለሽ፣ በራስሽ አንደበት፣ «እኔ አክስትሽ ነኝ» በያት። ይህን ማለት ከሆነልሽ እቀበላለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ብላ ስትጠራኝ «ወዬ» እላለሁ፤ ወደ ኋላም አልመለስም፣ ስምሽንም በክፉ አላነሳም። ማለት ካቃተሽ እኔ ያው አክስት ነኝ። ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ትምህርት ቤት ማድረሱ፣ ተረቱን አንድ ቃል ሳይዘሉ ደግሞ ማንበቡ፣ አንዱም ሳይጓደል በራሴ ስም ይቀጥላል።

የቢሮውን መጨረሻ ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ያንጠለጠልኩሽ ይመስለኛል። ትናንት ከሥራ ልወጣ ቦርሳዬን ስይዝ አለቃችን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። «ሦስቱም ስሞች ባሉበት ይቆዩ» አሉኝ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥቂት ሄድ ብለው ዞር አሉና፣ «ስቱኮ የሚል ካየሁ ግን ሁለታችሁንም አባርራለሁ» አሉ። ጥድፌ አልሳቀም። የመሙያውን ምዕራፍ ከፍቶ ሲያነብ ተውኩትና ወጣሁ። ማሸነፌ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደረጃውን ስወርድ ግን ያሰብኩት ወንበር አግኝቼ መቀመጥን ብቻ ነው።

ነገ እናንተ ስታወሩ እኔ በረንዳ ላይ ልብስ አሰጣለሁ፤ በሩንም እዘጋዋለሁ። በመስታወቱ በኩል ከንፈሯን ብቻ ነው የማየው፤ ከከንፈር ደግሞ ማንበብ አልችልም። የማሰጣው ልብስ ብዙ አይደለም። ቢሆንም ቶሎ አልጨርስም።

የቆምሽበት መሬት አይክዳሽ። የምትወጂውም የሚወድሽም አይጉደልብሽ። ነገ በአንደበትሽ የሚወጣውን ቃል፣ የትኛውም ይሁን፣ እግዚአብሔር ለልጅሽ ጤና ያድርገው።

ታናሽ እህትሽ፣
እስከ ነገ ድረስ የድንቢጥ አክስት